ሁለተኛው ሰው እንዳይወርድ

ባሕርን እስካይ ድረስ ጣና የውሃ መጨረሻ ይመስለኝ ነበር። ጣናንም ቢሆን ያየሁት ለፓስፖርት ጉዳይ ወደ ባሕር ዳር ስወርድ ከአውቶቡስ መስኮት ነው፤ ብልጭ ብሎ ጠፋ። የጉና ብርድ ላሳደገው ሰው ውሃ ማለት ወይ ከሰማይ የሚወርድ ወይ ከጉድጓድ የሚቀዳ ነገር ነው። ሰው የሚገባበት ነገር አይደለም። እኛ ዘንድ ዋና የሚችል ሰው ብርቅ ነው፤ ችሎ የተገኘም እንደሆነ እናቱ ትቆጣዋለች። ዐረብ አገር ሄጄ የደረሰኝ ሥራ ባሕር ዳርቻ ላይ ሲሆን የመጀመሪያውን ሰሞን ጀርባዬን ለባሕሩ ሰጥቼ ነው የሠራሁት። በኋላ ግን ከፊት ካለው ይልቅ ከጀርባ ያለ ባሕር የበለጠ እንደሚያስፈራ ገባኝና ዞርኩ።

ቤቱ የሰው መኖሪያ አልነበረም፤ የጠላቂዎች ቤት ነው። ጠላቂ የምላቸው አየር የታመቀበት ሲሊንደር በጀርባቸው አዝለው፣ ከሲሊንደሩ የሚመጣውን ጎማ በጥርሳቸው ነክሰው፣ ባሕር ሥር ወርደው ዓሣና ድንጋይ አይተው የሚመለሱ ሰዎችን ነው። የሚገርመው ማንም አላስገደዳቸውም። የእኔ ሥራ ምግብ ማብሰል፣ ሻይ ማፍላትና ከባሕር የወጣውን ዕቃ ሁሉ ጨው በሌለው ውሃ ማለቅለቅ ነበር። ጨዉ በደንብ ካልታጠበ ጎማውንም ብረቱንም ይበላዋል። በየቀኑ የሰው እስትንፋስ የሚያልፍበትን ጎማ እያጠብኩ፣ እኔስ ብሆን ነፍሴን ለዚህች ቱቦ አደራ እሰጣለሁ ወይ እያልኩ ራሴን እጠይቅ ነበር። መልሱ ሁልጊዜ እምቢ ነው።

አንድ ቀን የጠላቂዎቹ አለቃ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ አንድ ጆሯቸው ከጥልቅ ውሃ ብዛት የማይሰማ፣ መነጽር አምጥተው ሰጡኝ። ከመርከብ ማሰሪያው ደረጃ ላይ በሆዴ ተኝቼ ፊቴን ብቻ እንድነክር ነገሩኝ። ነከርኩ። ከላይ ሲያዩት ሰማያዊ ጨርቅ የሚመስለው ነገር ውስጡ አገር ነው። ከሥሬ ቢጫና ጥቁር የለበሱ ዓሦች እንደ ገበያተኛ ይተላለፋሉ። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ደግሞ መሬቱ ድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል፤ የፀሐዩ ጨረር በገደሉ ላይ እየወረደ፣ እየወረደ፣ ጥቁር ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። እኔም ከገደሉ በላይ የተንሳፈፍኩ መሰለኝ፤ አልወድቅም። እግዚኦ አልኩ። እግዚኦ ስል ጨው ውሃ አፌን ሞላው፤ እየሳልኩ ወጣሁ። አለቃው ሳቁ። እኔ ግን አልቅሼ ነበር፤ ለምን እንዳለቀስኩ ዛሬም አላውቅም። እንዲያው ፈጣሪ ይህን ሁሉ ሠርቶ ከድኖት መቀመጡ ደነቀኝ።

ዓርብ ዓርብ ጠዋት ጀልባ አይወጣም። በዚያ ጠዋት አለቃው ሁሉንም ሰው አንድ ላይ ያስቀምጡና በሆነ ባሕር፣ በሆነ ቦታ፣ በሆነ ጠላቂ ላይ የደረሰ አደጋ ያወራሉ። ስም አይጠራም። ጥፋተኛው ማነው ተብሎ አይጠየቅም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከየት ጀመረ? አንዱ ተነሥቶ ውሃ ውስጥ ነው የጀመረው ይላል። አይደለም፣ ወደ ኋላ ሂድ ይሉታል። ጀልባው ላይ ነው ይላል። አሁንም ወደ ኋላ ሂድ። እንዲህ እያሉ ወደ ኋላ ሲመልሱት፣ ሰውየው የሞተው ከባሕር ሥር ቢሆንም ሞቱ የተነሣው ጠዋት ከምድር ላይ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ ሰው ሲያስቸኩለው፣ ወይም መታየት ያለበትን ነገር ነገ አየዋለሁ ብሎ ሲያልፈው ሆኖ ይገኛል።

እኔም እንድቀመጥ ይታዘዝ ነበር። መጀመሪያ ላይ የኔ መቀመጥ ምን ያደርጋል ብዬ ምጣድ ማጠቡን መርጬ ነበር። አለቃው ግን ሻይ የምታፈላው የሰዎቹን ፊት ጠዋት ከሁሉም በፊት ታያለች፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ካለ እሷ ናት የምታውቀው አሉ። በዚያ አገር ምን አየሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ያን ጊዜ ነው የተገኘው። ዐረብኛው እየገባኝ ሲመጣ ደግሞ ዓርብ እስኪደርስ እቸኩል ጀመር። ከእኛ አገር ሰው ሲሞት የምንናገረው ደግነቱን ነው፤ እንዴት ሞተ ሲባልም ቀኑ ደርሶ እንላለን። እነዚህ ግን ሞትን እንደ ተፈታ ሰዓት ዘርግተው፣ ጥርሱን አንድ በአንድ እያነሡ ያዩታል። መጀመሪያ ድፍረት መሰለኝ። እየዋለ እያደረ ግን አክብሮት መሆኑ ታየኝ።

የሰማሁትን ሁሉ ብጽፍ አያልቅም፤ ከውስጤ ያልወጡትን ብቻ ላውራ። አንዲት ልጅ ከጥልቅ ላይ ደንግጣ ትንፋሿን ይዛ ወደ ላይ ተስፈነጠረች። ከሥር የወሰደችው አየር ደረቷ ውስጥ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ሳንባዋን ቀደደው። አየር እንዲህ ያለ ጉድ አለው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሌላው ከልክ በላይ ጠልቆ ሄዶ ጥልቀቱ አሰከረው። አዎ፣ ጥልቀት ያሰክራል፤ ጠጅ ሳይቀምሱ። ሰውየው እየሳቀ፣ ደስ እያለው፣ የሚተነፍስበትን ጎማ ከአፉ አውጥቶ ጣለው። አጠገቡ የነበረው ጓደኛው መልሶ አጎረሰው እንጂ አልቆለት ነበር። ከሥር ያለ ሰው መታመሙን ራሱ አያውቅም፣ የሚያውቀው ከላይ ያለው ነው፤ ይህን አለቃው ደጋግመው ይሉት ነበር።

ሦስተኛው ጨርሶ ባሕር ውስጥ አልጀመረም። ሲሊንደሩ የሚሞላው ጎማ ቤት እንደምናየው ባለ ኮምፕሬሰር ነው። አንድ ቀን ኮምፕሬሰሩ አየር ከሚስብበት አፍ አጠገብ አንድ የጭነት መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ነበር። ጭሱ ከአየሩ ጋር ተጠምጥሞ ሲሊንደር ውስጥ ገባ። ጠላቂው ያንን አዝሎ ወረደ። ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም፣ አያስነጥስም። ሰውየው እንቅልፍ እንደ ያዘው ሰው ሆኖ ቀረ። ይህን ሲያይ ጓደኛው ራሱ ያለ ዝግጅት፣ አየሩ ያለቀበትን ሲሊንደር እንዳዘለ ተወርውሮ ገባ፤ ሁለቱም ሬሳ ሆነው ወጡ። አለቃው ታሪኩን ጨርሰው፣ የመጀመሪያው ሰው ሞት አደጋ ነው፣ ሁለተኛው ግን ከላይ ሰው ነበረው፣ የሚይዘው እጅ ጠፋ እንጂ አሉ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው አገሬ የገባሁት። ሌላ ተመላሽ ወርቅና ብርድ ልብስ ያመጣል። እኔም ብርድ ልብስ አላጣሁም፤ ግን ቤት ገብቼ የማወራው የባሕር ሥር ሰው ታሪክ ሆነ። ከጋፋት በታች ባለው መንደራችን ስሜ ተረስቶ ጠላቂዋ ተባልኩ። ጉድጓድ ውሃ ልቀዳ ስሄድ «ዛሬስ ሲሊንደርሽን አላዘልሽም?» የሚለኝ አይጠፋም ነበር። የወንድሜ ነገር ግን ሌላ ነው። ታላቄ ነው፤ ቀን እርሻ ላይ ውሎ ሲገባ እግሩን ሳይታጠብ «እስቲ ያንን ጥልቀት ያሰከረውን ሰው ድገሚልኝ» ይለኛል። ስደግምለት ዓይኑ ይፈጣል። አንዳንዴ በራሱ ትንፋሹን ይይዝና ስንት ልቆይ እችላለሁ ብሎ ይሞክራል፤ እናታችንም ጋኔን አትጥሩብኝ ትላለች።

ወንድሜ አብሮ አደግ ጓደኛ ነበረው፤ ጎረቤታችን፣ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ልጅ። ሁለቱ በጋ በጋ ነጭ ሽንኩርትና ድንች በመስኖ አብረው ያለማሉ። ውሃው የሚወጣው ከጓደኛው ጓሮ ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱን ራሳቸው ቆፍረውታል፤ ግድግዳው ላይ እግር ማስገቢያ መርገጫ አለው። ውሃውን የሚስቡት በትንሽ ቤንዚን ሞተር ሲሆን ሞተሩ ክረምት ላይ ከላይ ተቀምጦ ይስባል። በጋ ሲገባ ግን ውሃው ይሸሽና ከላይ መሳብ አይችልም። ስለዚህ የአካባቢው ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ጉድጓዱ ውስጥ፣ ከውሃው ከፍ ብሎ፣ ግድግዳውን ቦርቡረው መደብ አበጅተው ሞተሩን በገመድ አውርደው እዚያ ያስቀምጡታል። ሞተሩ ከሥር ያጓራል፤ ቱቦው ውሃ ወደ ላይ ይተፋል። ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ማስነሣት እንደ ብልህ ሥራ ይቆጠር ነበር። እኔ ከመጣሁ የመጀመሪያው በጋ ነበርና ሞተሩ የት እንደሚቀመጥ ገና አላየሁም ነበር።

ወደ ዕለቱ ከመሄዴ በፊት ስለ ሙሾ አንድ ነገር ልናገር፤ ያለ እሱ የሆነው አይገባም። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ ሙሾ የምታወርድ ሴት የምታነሣው የሟችን ሙያ ብቻ አይደለም፤ የቆመውንም ሰው ታነሣለች። አንድ ጊዜ የርብ ወንዝ ሞልቶ አንድ ሰው ሲወስድ ጓደኛው ዳር ቆሞ ቀረ ተባለ። ለቅሶው ላይ ሁለት ስንኝ ተገጠመለት። ግጥሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ሰውየው በሕይወት አለ። ስንኙ ግን ገበያ ወረደ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ከኋላቸው ተባለ፣ በመጨረሻም ሰውየው ቤቱን ነቅሎ ወደ ይፋግ ሄደ። ከእኛ ሰፈር ወንድ ገደል አይፈራም፣ ጅብ አይፈራም፤ ሁለት ስንኝ ግን ይፈራል። ሰው ሲወድቅ ተከትሎ የሚገባው ለዚህ ነው። ገብቶ ቢሞት ግጥሙ ያምራል።

የዚያን ቀን ምሳ ይዤላቸው ወጣሁ። ከማሳው ዳር ስደርስ ሞተሩ አይሰማም። ወንድሜ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተንበርክኮ የጓደኛውን ስም ይጣራል። ድምፁን ስሰማ ሳህኑ ከእጄ ወደቀ። ምን ሆነ አልኩት። ሞተሩ ጠዋት ሲሠራ ቆይቶ ቤንዚን ጨርሶ ቆመ፤ ጓደኛው ጄሪካን ይዞ ሊሞላለት ወረደ። ወንድሜ ከላይ ያየው ነበር።

«እንደ ደከመው ሰው ተቀመጠ» አለኝ። «ራሱን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። አይዞህ ስለው ሳቀልኝ። ከዚያ ተንሸራተተ።»

ሳቀልኝ ሲል ያ እየሳቀ ጎማውን ከአፉ የጣለው ሰው ትዝ አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጥቁሩ ውስጥ የሞተሩ ቀይ ቀለም ታየኝ፤ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ያን ጊዜ የሰማሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣ፤ የመኪናው ጭስ፣ ኮምፕሬሰሩ፣ እንቅልፍ የያዘው የሚመስለው ሰው። ጉድጓዱ ከአፉ እስከ ውሃው ድረስ የተሞላ ሲሊንደር ነበር። አየሩ ጥርት ያለ ነው፤ ምንም አይታይም፣ ምንም አይሸትም። የባሕሩን ገደል ሳይ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም።

ቀና ስል ወንድሜ ጫማውን አውልቋል፤ አንድ እግሩ መርገጫው ላይ ነው። ዘልዬ ቀበቶውን በሁለት እጄ ያዝኩና እግሬን አፋፉ ላይ በተጋደመው ግንድ አጠመድኩ።

«እታለም ልቀቂኝ።»

«አለቅም። ወንድም ዓለም፣ አየሩ ነው። የሞተሩ ጭስ ነው። ብትወርድ አንተም እንደሱ ትቀመጣለህ።»

«ጭስ የለም! አይታይሽም?»

«አይታይም፤ የነገርኩህ እኮ ነው።»

«ይሞታል እኮ!»

«አውጥተን እንሞክራለን፤ ከላይ ሆነን። መንጠቆ አለ፣ ገመድ አለ።»

መንጠቆ ያልኩት ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ባልዲ የሚወጣበትን ብረት ነው፤ ጉድጓድ ያለው ቤት ሁሉ አያጣውም። እሱ ግን አልሰማኝም። ሊያስለቅቀኝ ሲታገል ክርኑ አፌን መታኝ፤ ደም ቀመስኩ። እኔ እንኳን ሌላ ጊዜ የነካኝን ሳልመልስ የምተኛ አይደለሁም፤ የዚያን ቀን ግን እጄ ስለ ተያዘ ብቻ ሳይሆን ከልቤ ይቅር አልኩት። በመሐል ዞሮ አየኝ። ያ ትልቅ ሰው ፊቱ እንደ ሕፃን ተጨማዶ «ነገ ምን እባላለሁ?» አለኝ። ጓደኛው ከሥር ሞት ላይ ሆኖ እሱ ይህን መጠየቁ ሌላ ሰው ቢሰማው ያስቀይም ይሆናል። እኔን አላስቀየመኝም፤ ሁለቱ ስንኞች ከጉድጓዱ እኩል እየሳቡት እንደነበር አውቃለሁ። የተባልከውን ትባላለህ፣ ግን በሕይወት ሆነህ ትሰማዋለህ አልኩት።

እሪታዬን ሰምተው ሰዎች መጡ። አንዱ ሳይጠይቅ ኮቱን ማውለቅ ጀመረ። ከቀበቶው ላይ አንድ እጄን አነሣሁና አጠገቤ የነበረውን የቁፋሮ ዶማ ያዝኩ። «መጀመሪያ እኔን ገፍቶ የሚጥል ብቻ ይውረድ» አልኩ። የማፍር ሴት ነበርኩ፤ ሐፍረቱን ዐረብ አገር ሄጄ ጨርሼዋለሁ። ሰውየው ቆመ። አንድ ሽማግሌ ይህች ልጅ አብዳለች እንዴ ሲሉ ሰማሁ፤ ግን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቁረጡ፣ በገመድ አስራችሁ ጉድጓዱ ውስጥ ከፍ ዝቅ አድርጉ፣ አየሩ ይናወጥ ስል ቅርንጫፉን የቆረጡት እሳቸው ናቸው። ወንድሜ ታግሎ ታግሎ ሲደክመው መንጠቆውን ያዘ። በገመድ አወረደው። ሳተ። ደግሞ አወረደው፣ ደግሞ ሳተ። በመጨረሻ የጓደኛውን ጃኬት አገኘው።

ስናወጣው የተኛ ሰው ይመስል ነበር እንጂ ሬሳ አይመስልም። ከንፈሩ ቀልቷል። ጠላቂዎች ቤት እንዳሳዩኝ ደረቱን ተጫንኩ፤ ሲደክመኝ ወንድሜ ተካኝ፤ ባጃጅ እስኪመጣና ደብረ ታቦር ሆስፒታል እስክንደርስ አላቋረጥንም። አልተመለሰም። ሐኪሟ የከንፈሩን ቅላት ተመልክታ ሞተር የት ነበር አለችን፤ ወንድሜ ሲነግራት ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ከእሱ ሌላ የወረደ ሰው አለ ወይ አለች። የለም አልኳት። ተመስገን አለች፤ እንዲህ ያለ ጊዜ ሁልጊዜ ከአንድ በላይ ሆነው ነው የሚመጡ።

እኔ ግን ተመስገን የምልበት አንጀት አልነበረኝም። ወንድሜ ከሆስፒታል ተመልሶ ከግድግዳ ጋር ተቀመጠ። እህል አልቀመሰም፤ የሚያናግረውን አያይም። አንድ ቃል ብቻ ነው ለኔ የሰጠኝ፤ «አስቀረሽኝ» አለኝ። ምስጋና ይሁን እርግማን ከአነጋገሩ አልለየሁትም። ውጭ ደግሞ ወሬው ሁለት ሆኗል። ግማሹ የጉድጓድ ጋኔን ነው ይላል። ግማሹ ወንድሙን የመሰለ ሰው ሲሞት ቆሞ ማየት፣ ያውም እህቱ ቀበቶውን ይዛው፣ ይላል። የመጨረሻዋን ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ይህ ከመጮህ ይከፋል። ወንድሜን አድኜ ቆሞ የማይሄድ ሰው አደረግሁት ወይ እያልኩ ተቃጠልኩ።

ለቀብሩ ግን ሄደ። ከሰዉ ኋላ፣ ከጥዱ ሥር ቆመ። ሙሾ አውራጇ ሴት ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። የሟችን ሙያ አነሣች፤ ድንቹን፣ ሽንኩርቱን፣ እናቱን መጦሩን። ሰዉ አለቀሰ። ከዚያ ድምፅዋን ለወጠችና ጓደኛ የሚለውን ቃል ጣለች። ደረት የሚመታው ሁሉ እጁን ገታ። ዓይን ሁሉ ወደ ጥዱ ዞረ። ወንድሜ አንገቱን ደፋ፤ እኔም ሴትዮዋን ሄጄ አፏን እይዛለሁ ብዬ አንድ እርምጃ ተራመድኩ።

የሟች እናት ቀደሙኝ። ከሬሳው አጠገብ ተቀምጠው የነበሩት ሴት፣ ሁለት ሰው ደግፎ ያመጣቸው፣ ያለ ደጋፊ ተነሡ። እጃቸውን ወደ ሙሾ አውራጇ ዘረጉና ዝም አሰኟት። ድምፃቸው ተዘግቷል፤ ግን ሰዉ ትንፋሹን ስለ ያዘ ተሰማ፦

አንዱ ይበቃዋል ጉድጓዱ የበላው፣
የጎረቤቴ ልጅ እንኳን ቀረ ሌላው።

ደግመው አሉት። ከዚያ ተቀመጡ። እኔ ባሕር አይቻለሁ፤ ከሥሩ ገደል ያለውን ባሕር አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥልቀት ግን አላየሁም። የልጃቸው ሬሳ ገና አፈር አልለበሰም። የጎረቤት ልጅ በመትረፉ መቅናት፣ ለምን ያንተ እናት ታቅፋህ ትደር ማለት መብታቸው ነበር፤ ማንም አይፈርድባቸውም። ወንድሜ ከጥዱ ሥር ወጥቶ መጥቶ እግራቸው ላይ ወደቀ፤ ያን ጊዜ ነው ከአደጋው ወዲህ ያለቀሰው።

ከሰልስቱ በኋላ እናትየው ሰው ልከው አስጠሩን። ከደብረ ታቦር ለቀብር የመጣው ታናሽ ልጃቸው፣ ግንበኛ ነው፣ በሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ የቱቦ ጫፍ ይቆርጣል። ሞተሩ በቱቦው ተጠቅልሎ ግድግዳ ሥር ተቀምጧል። ሽንኩርቱ ውሃ ጠምቶታል፤ እኔም አየሁት፣ ቅጠሉ ቢጫ ጀምሯል። ሴትዮዋ አስቀመጡንና ወደ እኔ ዞረው ልጄ እንዴት እንደሞተ ንገሪኝ አሉ። ጋኔን ነው ይሉኛል፣ ቀኑ ነው ይሉኛል፣ አንቺ ግን ሌላ ነገር ታውቂያለሽ አሉኝ።

ሞተሩን እዚያ ያስቀመጠው ራሱ ልጃቸው ነው፤ መደቡን የቦረቦረው በራሱ እጅ ነው። ይህን ለእናት እንዴት ይነግሯታል? «እማማ፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» አልኩ።

«አያደርግሽም» አሉ። «ልጄን ስሙን እንድታነሺልኝ አይደለም የጠራሁሽ። የዚያን ቀን ጠዋት ከቤት ሲወጣ ጀምረሽ ንገሪኝ፤ አንድም ሳታስቀሪ። ይኸው ታናሹ ነገ ሞተሩን መልሼ አወርዳለሁ ይለኛል። ሌላ ልጅ አለኝ።»

ልጁ ቱቦውን አስቀመጠ። ወንድሜ ከአጠገቤ ተነሥቶ ከእናትየው እግር ሥር ተቀመጠ።

«እኔ ልንገርዎ» አለ። «እኔ ነኝ ያየሁት። ጠዋት ሞተሩን አብረን ነው ያወረድነው።»